እርሳስ

ዝናብ በማያጣት በግላስጎ ከተማ፣
ቧንቧ ከፍታ ቆመች ኢሽቤል በጨለማ።
ጠርሙስ ይዞ መጥቶ መርማሪው ነገራት፣
ያደረውን ውኃ እንድትደፋ ጧት ጧት።
ጠረን የለው፣ ጉድፍ፤ ጥርት ብሎ ይወርዳል፣
በአያቶቿ ቧንቧ ክፉ ማን ያስባል?

የልጇ አስተማሪ ወረቀት ልካለች፦
«ሩሪ እርሳስ አይጨብጥም፤
የትናንቱን ፊደል ዛሬ አያውቀውም።»

አይጨብጥም?
እርሳሱ እኮ ነው እሱን የጨበጠው፤
ከወለሉ ሥር፣ ከግንቡ ሆድ ወጥቶ፣
ከጡጦው ወተት ጋር ተበጥብጦ ገብቶ፣
ጠብ ጠብ እያለ
አጥንቱ ላይ ጽፏል፣
ላጲስ የማይደርስበትን።

ኢሽቤል ትቆጥራለች፦ ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ…
እስከ ስንት እንደሆነ መርማሪው አልነገራትም።
ውኃው ይፈሳል።
ማንቆርቆሪያው እጇ ላይ ባዶውን ነው።