ከነጭረቱ

አውራ የተባለው ወንዝ፣ እንደ አሽከር አንገቱን ደፍቶ፣
ከቱርኩ ድልድይ ሥር ተኝቷል፣ የጥር በረዶ ጎትቶ።
ካፖርት አስረክበን ገባን፣ ቁጥራችንን በኪስ ይዘን፣
አሥራ አራተኛው ረድፍ ላይ፣ ከምሰሶው ጥግ ተጠግተን።
ሄልቪ ናት ቲኬት የቆረጠች፣ ከጡረታዋ ቆጥባ፤
«ያ የኛው ኮንቸርቶ ነው» አለችኝ፣ አንድ ነገር አስባ።

እኔ ታይስቶ ነኝ፤
ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ብረት ለብረት የሰፋሁ።
መርፌዬ መዶሻ፣ ክሬ የጋለ ሚስማር ነበር፣
በመርከብ ሆድ ውስጥ መዋል፣ ደወል ውስጥ እንደ ማደር።
ጆሮዬ ዕዳውን ከፈለ፤ ከላይ ጀምሮ ረገፈ፣
መጀመሪያ ፌንጣ ሄደ፣ ቀጥሎ ወፉ ከነፈ፤
ኋላም የማንቆርቆሪያው ፉጨት፦ ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ፣
አጠገቡ ጋዜጣ ሳነብ፣ ሄልቪ ደርሳ ስትስቅ።
ሐኪሟ ሥዕል አሳየችኝ፤ መስመሩ ሄዶ ሄዶ፣
እንደ ምድር ቤት ደረጃ፣ ቁልቁል ወረደ ተንዶ።
«ከዚህ በላይ ያለው ድምፅ፣ ከእንግዲህ ላንተ የለም» አለች፤
እንደ ከሰረ ሱቅ በር፣ ወረቀቱን አጥፋ ዘጋች።

ልጅቷ ወጣች ወደ መድረክ፤ የጥድ ቀለም ለብሳ ቆመች፣
ኦርኬስትራው ሲያጉረመርም፣ እሷ ወለሉን አየች።
ከበሮው፣ ከዚያም ቼሎዎች፤ እነዚህስ የኔው ናቸው፣
በወንበሩ እንጨት በኩል፣ በአከርካሪዬ ሰማኋቸው።
ቀንዱም ጭጋግ እንዳገኘው መርከብ፣ ከሩቅ መጣ እየጠራ፤
ወፍራሙ ክር ሲናገር፣ «እንደምን አመሸህ?» አልኩት በተራ።

ከዚያ መውጣት ጀመረች።
ከክር ወደ ክር ተሻግራ፣ መሰላሉን ይዛ ስትወጣ፣
እኔም ከሥር አንጋጥጬ፣ ድምፁ ከእጄ እስኪወጣ፤
እዚያ ላይ ጣሪያው መጣ።

ቀስቱ ግን አልቆመም። ክንዷ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣
ትንሿ ጣቷ አፋፉ ላይ፣ እንደ ክንፍ ይርገበገባል።
ከፊቴ ያለው መላጣ፣ መሐረብ ሳበ ከኪሱ፤
ሳህን ብቻ ይዤ ቀረሁ፣ ለሁሉ ሲዳረስ ድግሱ።

ያኔ፣ ከየት እንደሆን እንጃ፣ ሸክላዋ መዞር ጀመረች፣
በስድሳ አንድ ብርድ ወቅት፣ በአንዲት ክፍላችን የነበረች፤
ከወደብ ገበያ በርካሽ፣ ከሁለት ዓሣ ጋር የገዛናት፣
ከሄልቪ ወንድም በተዋስነው ማጫወቻ ላይ የሰማናት።
አንድ ማታ ዘግይቼ፣ ደመወዜን በካርታ ተበልቼ፣
መርፌዋን መንጭቃ ስታነሣ፣ በር ላይ ቆሜ አይቼ…
ጭረት ቀረባት። ልክ እዚያ ጋ፣ ድምፁ ሰማይ ሲነካ።
«ቋ» ትላለች፣ ትዘላለች፣ ደግሞ ትቀጥላለች ለካ!
እኛ በሳምንቱ ታረቅን፤ ሸክላዋ ግን ቂሟን ይዛ፣
ያ «ቋ»ም ሲውል ሲያድር፣ ከዜማው ጋር ተዋዛ።

አሁን ልጅቷ ስትጫወት፣ ያለ እንከን፣ እንደ ሐር ለስላሳ፣
እኔ ውስጥ የዚያን ዘመኑ፣ «ቋ» አለ፣ ዘለለ፣ ተነሣ።
ዓይኔን ቀስቷ ላይ ተክዬ፣ ጎደሎዬን በሸክላ ሞላሁ፣
እሷ በክሯ ላይ ወጣች፣ እኔ በጭረቱ ወጣሁ።
በዝላዩ የተነሣ ግን፣ ቀድሜያት ደረስሁ ከታች፤
ወፍራሙ ክር ሥር ቆሜ ጠበቅኋት፣
ትንሽ ቆይታ መጣች።

ጭብጨባውን እሰማዋለሁ፤ የመርከብ መሥሪያውን ይመስላል፣
ሺህ መዶሻ ባንድ ብረት፤ ወለሉ ለእግሬ ይነግራል።
ሄልቪ ወደ ደኅናው ጆሮዬ፣ ተጠጋች፣ ወደ ግራ፤
«ሰማኸው?» ብላ ጮኸች፣ ሰው እስኪዞር ከኛ ጋራ።
«ሰማሁት» አልኳት፣ «ከነጭረቱ።»

ካፖርቷን እስካለብሳት ዝም። እስከ ድልድዩ ዝም።
በረዶው ላይ ስንደርስ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፦
«እኔ አይደለሁም የጫርኳት» አለች፤
«ካርታህ ነው።»