ቆጣሪ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ከሚያበቃው፣
የጤፍ ማሳ ይጀምራል፤ ከማሳው ወዲህ ብሎኩ፣ ጭቃው፣
አራተኛ ፎቅ ላይ የኛ ቤት።
ደምመላሽ ሲተኛ እኔ እነቃለሁ፤ ይኸው ነበር የኛ ሌሊት።

ያንኮራፋል መቼም። ማንኮራፋቱንስ ለምጄው ነበር፣
እንደሚነዳው ሲኖትራክ፣ ዳገት ሲወጣ ማርሽ ሲቀይር።
ከታች ያሉት አቶ ቡልቻ፣ በመጥረጊያ እጀታ
ኮርኒሳቸውን ሲደበድቡ፣
ወለሉን ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በጸጥታ።

ድምፁማ ሕይወት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ፣ ድንገት ጭጭ ሲል፣
አፉ ተከፍቶ፣ ሆዱ እየተነሳ፣ አየር አጥቶ ሲታገል።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…
እቆጥራለሁ በጣቴ።
አሥር። አሥራ ስምንት።
ይደርቃል አንጀቴ።
ሠላሳ አንድ ላይ አንዴ ደርሻለሁ።
በክርኔ ጎሸም አደርገዋለሁ፤
"ምነው?" ይላል። "ምንም" እላለሁ።
ይገለበጣል። እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ።

ጠዋት "እንዴት አደርክ?" ስለው "ደህና፣ እንደ ድንጋይ" ይላል፤
ከዚያ ሻይ እያማሰለ፣ ማንኪያው በእጁ እንዳለ፣ ያንቀላፋል።

ክብደቱ? ክብደትን ማን በሽታ ብሎት ያውቃል?
"ተመችቶታል" ነው የሚባል፤ "ሚስቱ ይዛዋለች" ይባላል።
እኔም፣ አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር የቀበቶው ቀዳዳ ሲያንሰው፤
በምስማር አዲስ ስበሳለት፣
የእጄን ሙያ የሚያመሰግን መስሎኝ ሰው።

ገላን መውጫ ላይ፣ ሲሚንቶ ጭኖ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣
ዓይኑን ገልጦ ነው የተኛው ይላል ረዳቱ፤ ቦዩ ያዘን እንጂ ለጥቂት።
ሰው አልሞተም። አንድ ባዶ ጋሪ፣ ጎማው ተሰበረ፤
ፈረሱ ማዶ ሣር ይግጥ ነበረ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። እንደ ልብስ ሰፊ አንገቱን በሜትር ለካች፤
አርባ ስድስት ጻፈች። ሚዛን ላይ አቆመችው፤
መቶ አሥራ ዘጠኝ። ዝም አለች።
ከዚያ ወደኔ ዞረች፣ "አንቺስ ሌሊት ምን ታያለሽ?" ብላ።
ሰባት ዓመት ማንም አልጠየቀኝም፤
ቁጥሬን ዘረገፍኩት፣ ጆንያው እንደተቀደደ ባቄላ።

"ስብ አንገት ውስጥም ይተኛል" አለች፤ "እሱ ሲተኛ በሩ ይዘጋል።
ክብደቱ ሲቀንስ ይሻለው ይሆናል፤ እስከዚያ ማሽን ያስፈልጋል።"
"ይሆናል" የምትለዋን ቃል ወደድኳት፤ ውሸት የላትም፤
"ይድናል" ብላ አልሸጠችልኝም።

ማሽኑ መጣ። የእቁቡ ዕጣ፣ የእኔ ሀብል፣ የወንድሙ ብድር።
አፍንጫው ላይ ጭምብል፣ ከጭምብሉ ቱቦ፤
ትንሿ ልጃችን "አባቢ ዝሆን ሆነ" ብላ ሮጠች፣ ለጎረቤት ልትነግር።
አፈረ። ሦስት ሌሊት አውልቆ ጣለው፤ በአራተኛው ተኛ።
እኔ? እኔማ አልተኛሁም፤
ጆሮዬ ናፈቀ ያንን አጓሪ ጓደኛ።

አሁን ማለዳ እስከ ባቡር ሐዲዱ በእግሩ ይሄዳል፤ ቅቤውን ቀነስኩ፣ እያመመኝ።
አሥራ አንድ ኪሎ ሄደ። ሰፈሩ ደግሞ ይኸው አማኝ፦
"ከሳ እኮ! ስኳር ነው? ሌላም እንዳይሆን…
ባልሽን አስራብሽው?" ይሉኛል፣ ደረጃ ላይ ሲያገኙን።

ትናንት ሌሊት መብራት ሄደ።
ቱቦው ትንፋሹን ዋጠ፤ አረንጓዴዋ ነጥብ ጠፋች፤
ኮሪደሩ ላይ ያለችው የካርድ ቆጣሪ ዓይኗን ጨፍና ተኛች።
ጭምብሉን አወለቅኩለት። ተቀመጥኩ፣
ቆጣሪ በቆጣሪ ተተክቶ፤
አራት። አምስት። ሰባት ላይ ትንፋሹ መጣ፣
በሩን ገፋ አድርጎ፣ ገብቶ።

ሰባት።
ደግሜ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት። ደግሜ፤ ስድስት።
መብራት መቼ እንደመጣ አላውቅም።

ሲነጋጋ ክርን ጎኔን ነካኝ።
"ምነው?" አልኩት።
"ምንም" አለኝ።
ብርድ ልብሱ ላይ ግን የግራ እጁ
ሦስት ጣቶች ታጥፈው ነበር።