የመደመር ምልክት

ልጄ ኦስታፕ ከግንባር ደብዳቤ አይጽፍም፤
ጣቱን ብርድ በልቶት፣ ጊዜም አይተርፍም።
ንጋት አሥራ ሁለት፣ ስልኬ ትር ይልና
አንዲት ምልክት ትመጣለች፣ «+»፤ እሷ ናት ደኅና።
ፊደል የላት፣ ድምፅ የላት፣ ሰላምታም አልያዘች፤
ከምሽጉ ጭቃ ግን ፖልታቫ ደረሰች።

የመጀመሪያው ለት መስቀል መስላኝ ነበር፤
ተንበርክኬ አለቀስኩ፣ የታየኝ መቃብር።
ጎረቤቴ ስቴፋ እንባዬን አይታ ሳቀችብኝ፤
«አንተ ሽማግሌ፣ ‹አለሁ› ማለቱ ነው» አለችኝ።

እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ትሮሊባስ የነዳሁ፣
የየፌርማታውን ስም ጮኬ እየጠራሁ፣
ባጭሩ አላውቅበትም፤ እጽፋለሁ በሰፊው፦
ድመትህ ወለደች፣ ሦስቱ ግራጫ፣ አንዱ ጥቁር ነው፤
ያ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ዛሬም አልተሠራም፤
የብስክሌትህን ሰንሰለት ግራሶ ቀባሁት፣ አልበዛም።

ማክሰኞ ሌሊት
ሰማዩ ላይ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ያለ መሰለኝ።
ከዚያ ጨለማ። መብራት የለ፣ ኔትወርክ የለ፤
ምድር ቤት ወርደን ተቀመጥን፣ ግድግዳው ዋለለ።
ባትሪዬ ሦስት ፐርሰንት፤ አጠፋሁት ሰስቼ፤
አሥራ ሁለት ሰዓት አለፈኝ እዚያው ተኮራምቼ።

ረፋዱ ላይ ጄኔሬተር ያለው ሱቅ ሄድኩና
ተሰልፌ ሰካሁት። ስልኬ ነፍስ ዘራና
ትር፣ ትር፣ ትር አለ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«አባ?»
«ፖልታቫ ተመታ ይላሉ።»
«ስቴፋ ጋ ደወልኩ፣ አታነሣም።»
«አባዬ፣ የኛ ሰፈር ነው?»
«የማይረባ ነገርም ቢሆን ጻፍ። የድመቷን ጻፍ።»

አሥራ ሰባት መልእክት።
ያ ቃል ቆጣቢ ልጅ፣ ያ አንደበተ ቁጥብ፣
መድፍ ሥር ተጋድሞ ለኔ ሲያስብ፣ ሲያስብ!
ማናችን ግንባር እንዳለን ጠፋኝ።

ልጽፍለት አሰብኩ፦ መስታወቱ ረግፏል፣ በሩ ግን ቆሟል፤
ድመቶቹ አልጋ ሥር ናቸው፣ ጥቁሩ ብቻ ጠፍቷል።
ጣቴ ግን፣ ያ ሁሉ ዘመን መሪ የጨበጠች ጣት፣
ተንቀጥቅጣ ፊደል መለየት አቃታት።
ቁጥሮቹ ያሉበትን ገጽ ገልጬ፣
ፈልጌ፣ ፈልጌ፣
አንዲቷን ነካሁ።

+

«ጨርሰዋል?» አለችኝ ከኋላዬ የቆመች፣
ስልኳን እንደ ጫጩት በሁለት እጇ ያቀፈች።