ባዶ ማኅደር

ክላክስቪክ ወደብ ላይ፣ ጉም ጣራውን በዋጠበት፣
ሱንቫ ተቀምጣለች ከመስኮቱ ሥር፣ ከስክሪኑ ፊት።
ሠላሳ አንድ ዓመት ለመንገደኛ ትኬት ቆርጣ፣
በስድሳ ስምንቷ አዲስ ሙያ መርጣ።

የሟች ወንድሟ፣ የሃኑስ ጀልባዎች ናቸው ጉዳዩ፤
በእጁ የጠረባቸው፣ ከባሕር ጋር የተያዩ።
አርባ ሁለት ጀልባ። ንድፉ፣ ፎቶው፣ ደረሰኙ፣
አንዳንዱም ወረቀት ላይ የሙጫ አሻራው፣ ከነወዙ።

ስክሪኑ ግን ገበያ የተበተነበት ሜዳ ይመስላል፤
ፋይል በፋይል ላይ ወድቋል፣ ተደራርቧል።
«ጀልባ-የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ-ሁለት»፣
«የመጨረሻ-የምር»፣ «ይኼኛው-ነው-እውነት»፣
ደግሞ አንድ፣ በውድቅት ሌሊት የተሰየመ መሰለኝ፣
«አትንኪው» የሚል ብቻ። ምን እንደያዘ ማን ይንገረኝ?

ባርዱር መጣ፣ የጎረቤት ልጅ፣ ከዓሣ ፋብሪካ አድሮ፣
ጣቶቹ ላይ የሎሚና የዓሣ ጠረን ተጣምሮ።
«መጀመሪያ» አላት፣ «ማደሪያ እንስጣቸው፤
ምስል ለብቻው፣ ጽሑፍ ለብቻው፣ ንድፉም በየቤታቸው።»
ፎልደር ይለዋል እሱ። እኔ ማኅደር እለዋለሁ፤
ማደር ያለበት ቃል ነው፤ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤
የብራና መጽሐፍ ቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ
ግድግዳ ላይ ሲያድር፣ ከአይጥና ከዝናብ ሸሽቶ።

ሦስት ቀን ፈጀ። ስም ሲወጣ ክርክር ነበር፤
በዓመት ይደርደሩ፣ ወይስ በእንጨታቸው ዘር?
«በባለቤታቸው ስም» አለች፣ «ሃኑስ እንዲያ ነበር የሚጠራቸው፤
የዮአኪም፣ የመበለቷ፣ የአንካሳው... ያለዚያ እኔም አላውቃቸው።»
«በስምና በስም መሃል ባዶ ቦታ እንዳትተዪ፣
ትልቁን ፊደል ከትንሹ አደራ ለይተሽ እዪ።»
እኛ ትልቅ ትንሽ ፊደል የለንም፤ ግን «ፀሐይ»ና «ጸሀይ»
ለጆሮ አንዲት ስትሆን፣ ለማሽን ሁለት ሰማይ።

በአራተኛው ቀን ገጹ ተከፈተ። አማረ።
ጀልባው ሁሉ በየስሙ ተደረደረ።
ሱንቫ ካፖርቷን ደርባ ቤተ መጻሕፍት ሄደች፣
እዚያ ለምትሠራው ለኤይድና ልታሳይ። ከፈተች።

ምንም።

አርባ ሁለት ባዶ ሳጥን፣ በየጥጉ የቅዳጅ ምልክት፤
ባሕሩ ሁሉንም የዋጠ መሰለ በአንድ ሌሊት።

ባርዱር ሳቀ፤ ከዚያ አፈረ በመሳቁ።
መንገዱ ነው የጠፋው፤ ምስሎቹስ መች ራቁ?
«አድራሻው የሚጀምረው ካንቺ ቤት ነው፣ ካንቺ ደጃፍ፣
ካንቺ ኮምፒውተር ሆድ፤ ሌላ ሰው በዚያ አያልፍ።»
እቤቷ ሲያዩት ሙሉ የሆነው ለዚህ ኖሯል፤
ለራሱ ብቻ የሚታየውን ስንቱ «ይኸው» ይላል!

አስተካከሉት። «ሁለት ነጥብ» አላት፣ «መመለሻ ነው፤
ከልጅ ማኅደር ወጥተሽ ወደ እናቱ መድረሻ ነው።»
በድሮው ጽሑፋችን ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል ይለያል፤
እዚህ ግን የወጣውን ከእናቱ ያገናኛል።

ሊጨርሱ ሲሉ ባርዱር ማኅደር ቆጠረ፤ አርባ ሦስት ሆነ።
ጀልባው አርባ ሁለት። አንዱን ቢከፍተው ባዶ፤ ሊሰርዘው ወሰነ።
ስሙን አነበበ፦ «የሱንቫ»።
ጣቱ ቁልፉ ላይ ቆመች።
«ሊሠራልኝ ነበር» አለች። ሌላ አልጨመረች።
ከመስኮቱ ማዶ የሦስት ሰዓቷ መርከብ ሰዓቷን ጠብቃ ወጣች።

«ባዶ ማኅደር» አለ ቆይቶ፣ «ሲጫን ወደ ኋላ ይቀራል፤
ፕሮግራሙ አያነሳውም። ትንሽ ነገር ካለበት ግን ይሄዳል።»

መነጽሯን ጠረገች። አንዲት ፋይል ከፈተች፤
በሁለት ጣት፣ ፊደል በፊደል፣ አንዲት መስመር ጻፈች፦

«እንጨቱ ገና አልደረቀም።»