በረኪና የበላው ጣት

«ድሮ ድምፅ ሲሰጡት ድምፅ ነበረው» አሉ፣
ጋሽ ይማም ዘበኛው፣ ወረፋውን እያስተካከሉ፤
«ጠብ ሲል ከሳጥኑ፣ በጆሮዬ ሰምቼ ነበር የምሄደው፤
ይኼ መስታወት ግን ዋጠና ዝም አለ፤ የት ነው የወሰደው?»

ኮምቦልቻ፣ ልብስ ስፌቱ አዳራሽ፣ ማክሰኞ ረፋድ፣
የማኅበር ምርጫ ነው። ማሽኑ ቆሟል እንደ እንግዳ ዘመድ፤
ሁሉም ያየዋል፣ ደፍሮ የሚነካው የለም።
አስመራጩ ጌትዬ፦ «አትፍሩ፣ አውራ ጣት ነው እንጂ ደም አይጠይቅም!»

ተራዬ ደረሰ። «ረውዳ እንድሪስ» የሚል ስሜ በራ፤
ጣቴን አሳረፍኩ። ቀይ። በሻሼ ጫፍ ጠርጌ ደገምኩ።
ቀይ። ሞከርኩ በግራ።
ቀይ።

ምን ያድርግ? ዘጠኝ ዓመት ጅዳ፣ የሰው ሽንት ቤት፣ የሰው ሰሃን፣
በረኪና በልቶታል የጣቴን መስመር፣ ሌሊትና ቀን፤
እንደ ቦርከና ጠጠር ለስልሷል።
ኢቃማ አልነበረኝም፣ ስሜ የትም አልተጻፈም፤
ሥራዬ ግን እዚያ ወለል ላይ አሁንም ያበራል።

ከዚያ ማሽኑ ደረቀ።
«በጓሮ በር ጥሩት» አለ ጌትዬ፤ ስሙን ግን አልጠራም።
ሙዘሚል ነው፣ የመደኒ ልጅ፣ ጦርነት ያፈለሰው፤ በቀን አይታይም፤
ሌሊት መኪኖቻችንን የሚያክም፤ ፈቃድ የለው፣ ፊርማ የለው፣
ደሞዙን ጨለማ ውስጥ፣ በእጁ የሚቀበለው።

በብሎን መፍቻው ከፈተ፣ አቧራውን እፍ አለ፣ ገጠመ፤
ሊሞክር ጣቱን አሳረፈ። አረንጓዴ። ማሽኑ አዜመ።
ስሜ ገና ክፍት ነበር። «ድምፅዎ ተመዝግቧል» የሚል ጽሑፍ መጣ፤
ፊደላችንን አያነብም። «አብሽሪ፣ ሠራ» ብሎኝ፣ ሥቆ፣ በገባበት ወጣ።
(«አብሽሪ» የወሎ ይሁን የሱ አገር፣ እስካሁን አልለየሁም።)
ለኔ ወረቀት ሰጡኝ። በእስክርቢቶ መረጥኩ፤ ምንም አልተናገርኩም።

ማታ ቆጠራ። መራጭ አራት መቶ ስድስት፣ ድምፅ አራት መቶ ሰባት።
«ብለን ነበር!» ጩኸት፤ «ሌባ ነው ይኼ መስታወት!»
አንዱ ተነሣ፦ «ያ ባዕድ ቢሆንስ? ለመሆኑ ማን አስገባው?
የኛ ልጆች መንገድ ዳር ተኮልኩለው፣ እንጀራቸውን ሌላ በላው!»
ወንድሜ አለ ከነዚያ ልጆች፤ ሐርቡ መንገድ ይውላል፤ ውሸት ነው አልልም።
ግን ይኼንኑ ቃል፣ ቃል በቃል፣ በዐረብኛ ሰምቼዋለሁ፤ አልረሳሁም።

ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ።
ብናገር፣ ለማሽኑ ምክንያት ይገኝለታል፤ ሙዘሚል በጓሮ በርም አይገባም።
ዝም ብል፣ እሱ ሌሊቱን ይሠራል፤ ቁጥር የሚያምን ሰው ግን አይኖርም።
ጣት ጠየቀ እንጂ የማን እንደሆነ አልጠየቀም መስታወቱ፤
ስም ያለኝ እኔ ጣት አጣሁ፤ ስም የሌለው እሱ በራለት ጣቱ።

ጋሽ ይማም መጥተው ከጎኔ ቆሙ።
«አንቺስ ልጄ፣ ድምፅሽ ሲገባ ድምፁን ሰማሽው?»
አውራ ጣቴን መዳፌ ውስጥ ቀብሬ፦ «ሰማሁ፣» አልኳቸው፣
«ጠብ አላለም፤
‹አብሽሪ› ነው ያለው።»