ሆድ ዕቃ

ነሐሴ ነው፣ ሻርጃ፤ ከቀትር በኋላ
አየሩ ራሱ ይጣበቃል እንደ ኮላ።
በሶፋ ቤታችን ጓሮ፣ ከሰጋቱራው ክምር፣
ቫርጌስ ጋደም ብሏል ከሞርሳው ሥር።
ዘይቱና መጣች፤ በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል
ጊታር ጠቅልላ፣ አንገቱ ብቻ ይታያል።

«ከገንዳ አወጣሁት፣ ማዳም ስትጥለው።
በስንት ታድነዋለህ? ሃያ ድርሃም ነው
እጄ ላይ ያለኝ፤ የቀረው ለወሩ።»

ገልብጬ አየሁት። ከቀዳዳው እስከ ሥሩ
ሆዱ ተሰንጥቋል፤ ግማሽ ድልድዩ ተነቅሎ
ጥፍር ያስገባል፤ አንገቱ ጎብጦ፣ አንድ መቃኛ ጎድሎ።
ቫርጌስ ተነሣና ስንጥቁን በጣቱ ለካው፤
«ሙቀት አይምሰልህ» አለ፣ «ኤሲ ነው ያከሳው፤
እዚህ አገር
በረሃው ቤት ውስጥ ነው።»

ከፍ ሳደርገው አንድ ነገር አንኳኳ፤
ጠጠር ነው መሰለኝ፤ ወዲህ ኳ፣ ወዲያ ኳ።
ሆድ ይፍጀው ብዬ አስቀመጥኩት።

የሠራነው ማታ ማታ ነበር። ቫርጌስ ቢላ አሙቆ
ድልድዩን ጨርሶ አላቀቀ፣ የድሮ ኮላ ፍቆ፤
እኔም ከተረፈ የሶፋ እግር
ጥፍር የሚያህሉ ልጣፎች ላጥኩ፣
በቀዳዳው በኩል እጄን ሰደድኩ።
ዓይን አይደርስም እዚያ፤ ጣት ነው የሚዳስስ።
ኮላው እስኪጨብጥ ቆየሁ ሳልተነፍስ፣
ላቤ በክንዴ ወርዶ ክርኔ ላይ ሲንጠባጠብ።
ያኔ ነው ያቺ ጠጠር
ተንከባላ መዳፌ ሥር የገባች።
በስልክ መብራት፣ በመስታወት ስባሪ፣ ታየች፦
ጥርስ ናት። የሕፃን። የሩዝ ፍሬ አከለች።

ዓርብ ዘይቱናን አሳየኋት። ሳቀች፤
ሳቋን ሳትጨርስ የኮላ ጣሳ ላይ ተቀመጠች።

«የማጂድ ናት። ስድስት ዓመቱ ነበር።
ስትነቀል ያለቅሳል፤ አልኩት፣ በእኛ አገር
ጣሪያ ላይ ወርውረህ ለወፍ ትሰጣለህ፣
አሮጌውን ወስዳ አዲስ ታመጣልሃለች።
ሃያ ሁለተኛ ፎቅ! የምን ጣሪያ?
መስኮቱ አይከፈት። ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ያ
የአባቱ ጊታር ግድግዳው ላይ፣ ሆዱ ጨለማ፤
ወረወራት ወደ ውስጥ። ስትወድቅ ክሩ አሰማ።
‹ወፏ እዚህ ናት› አለኝ፣
‹ሰማሻት?›»

ዝም አለች። ከዚያ፦
«አሁን ውጭ አገር ነው፣ ይማራል፣ ጢም አብቅሏል አሉ።
እናቱ ጋ ሲደውል ‹ዘይቱናስ?› ይላል አሉ።
ይበል አይበል፣ እንጃ።»

«ላውጣት?» አልኳት። «ድምፁን ታበላሻለች፤
ክሩ በተመታ ቁጥር ትንጫጫለች።»
«ተዋት።»
«ግን እኮ...»
«ተዋት አልኩህ።»

ክር ከሮላ ገበያ ገዛሁ። ቅኝት የሚያውቅ ጠፋ።
ቫርጌስ በልጅነቱ መዘምራን ውስጥ ነበርኩ አለ፤
ጆሮውን ወደ ኤሲው አዘንብሎ ጠበቀ፣
ከጉምጉምታው አንዲት ድምፅ ተበደረ፣
የቀሩትን በእሷ ላይ እያንጠለጠለ
ክሩን አንድ በአንድ ወጠረ።
ትክክል ይሁን አይሁን፣ ማን ይፈርዳል?
ኤሲው ሲጠፋ ግን ጊታሩ ብቻውን የቀረ ይመስላል።

ሃያውን ድርሃም ቆጠረች። አልቀበልም አላልኩም፤
ክሩ ብቻ ሠላሳ ነው፤ እሱን ግን አልነገርኳትም።
መጫወት አታውቅ፤ ክሩን አልነካችም።
በሩ ላይ ቆም ብላ፣ ሆዱን ከጆሮዋ አስጠግታ፣
ክብሪት ቀርቶ እንደሆነ
ቀፎውን እንደሚያዳምጥ ሰው፣
ነቀነቀችው።