መኻል ያለችው

ሐምሌ ነው፤ ሄርማታ ጣሪያ ላይ ዝናቡ አያባራም፤
ነዚፍ ባጃጁን እየገፋ መጣ፣ ጫማው ውሃ ይተፋል።
«ጅሬን ዳገት ወገቡ ላይ ለገመችብኝ፤
በዚህ ብርድ፣ በዚህ ዶፍ፣ ባትሪው ጋለ ብትዪኝ
ወላሂ አላምንሽም።»

ክዳኑን ፈታሁ።
ሰማንያ አራት ሴል፤ ቦታ ቆጥቦ የገጠማቸው ሰው
ትከሻ ለትከሻ አጣብቆ አሰልፏቸው።
የዳሮቹን ዳሰስኩ፦ ቀዝቀዝ ያሉ፣ ጤነኞች፤
መለኪያዬን ወደ መኻል ብሰድ
ስድሳ ስምንት።

ዳር ያለ ሙቀቱን ለቆርቆሮ ይሰጣል፣ ቆርቆሮው ለነፋስ፤
መኻል ያለችዋ ለማን ታቀብል፣
ጎረቤቷም እንደሷ ሲነድ፣ እንደሷ ሲብስ?

ቦሳ ሳለን ስድስት ልጆች ባንድ ፍራሽ ነበርን፤
እኔ መኻል።
ወባ ያነደደኝ ሌሊት
እናቴ የዳሯን እህቴን ግንባር ዳስሳ
«ደህና ናቸው» አለች፣
ኩራዙን አጠፋች።

ለነዚፍ ይህን አልነገርኩትም።
ያበጠችዋን ነቅዬ አሸዋ ባልዲ ውስጥ ቀበርኩ፣
የቀሩትን አራራቅኩ፣
በየመኻላቸው ለአየር ሁለት ሚሊሜትር ተውኩ፣
ስስ አሉሚኒየም ከሆዳቸው ወደ ውጭ እንደ ምላስ ሳብኩ፤
የመለኪያውንም ሽቦ
ከዳር ፈትቼ መኻል ላይ አሰርኩ።

«ሳጥኑ ሰፋ እኮ! ተሳፋሪ እግሩን የት ያድርግ?»
ይሰብስበው።

ማታ ከአዌቱ ማዶ ደወለ፦
«ዳገቱን ጨረስኩት! ሠላሳ ዘጠኝ ይላል።»
«የቱ ጋ?»
«መኻሏ ጋ ነዋ።»

ሠላሳ ዘጠኝ።
ለልጅ ቢሆን እርጥብ ጨርቅ ያስሮጣል፤
ለእሷ ጤና ነው።